ለቀለም ተኩስ የጠየቅነው ጫካ

ልጄ አንድ ቅዳሜ ምሳ ከበላን በኋላ ጠረጴዛውን ወለወለች፤ ጨርቁን አጥባ ሰቀለች፤ ከዚያ መኝታ ቤቷ ገብታ ጥቁር ጠመንጃ ይዛ ተመለሰችና ሳህኔ በነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ወንበሬን ይዤ ወደ ኋላ ስሸሽ ያስቆመኝ ግድግዳው ነው።

"አባዬ፣ መጫወቻ እኮ ነው" አለች። "የሚተፋው ቀለም ነው።"

አነሳሁት። ከባድ ነው። አፈሙዝ አለው፣ ቃታ አለው፣ ሰደፍ አለው። የቀለም እንክብሎቹ የሚቀመጡበት የፕላስቲክ ዕቃ ከላዩ ተገጥሟል። እሱ ካልታየ ግን ከሃምሳ ሜትር ላይ ለሚያይ ሰው የሚገድል መሣሪያ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ደግሞ ከሃምሳ ሜትር ላይ የሚያየው ሰው ነው። በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ጫካ ውስጥ የታጠቀ ሰው ያየ ሁሉ "ምን እየተጫወቱ ይሆን?" ብሎ አይጠይቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የምትሠራው ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ቢሮ ውስጥ ነው። አለቆቿ ሠራተኞቹ "ቲም ቢልዲንግ" እንዲያደርጉ ይፈልጋሉ፤ የቡድን መንፈስ ለመገንባት መሆኑ ነው። ድሮ የቡድን መንፈስ የሚገነባው አብሮ በመብላትና አለቃን በማማት ነበር። አሁን እርስ በርስ መተኳኮስ ያስፈልገዋል። ስድስት በስድስት ሆነው "ፔይንትቦል" ሊጫወቱ ነው። ጠመንጃውንና የፊት ጭንብሉን የሚያከራይ ሰው አዲስ አበባ ተገኝቷል፤ ሁለት ጠመንጃ ከነጭንብሉ ለሙከራ አስቀድሞ ልኳል። የቀራቸው ጫካ ብቻ ነው። ድሬዳዋን ደግሞ አሸዋና ፀሐይ አልቸገራትም እንጂ ጫካ ያለው ሰው እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው።

እሱም የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ተራራው በኩል ከአባቱ የወረሰው የፍራፍሬ እርሻ አለው። ብርቱካኑ ከደረቀ ቆይቷል። ማንጎው ግን የሚገርዘው አጥቶ እርስ በርሱ ተቆላልፏል፤ በመካከሉ ኒምና ግራር በቅሎበታል፤ ዳር ዳሩን ቁልቋል አጥሮታል። እርሻ መሆኑን ረስቶ ጫካ ሆኗል።

"አንተ ብትጠይቅልኝ እምቢ አይልህም" አለች ልጄ።

"እኔ ራሴ እምቢ እላለሁ።"

"ለምን?"

"ስለምፈራ።"

ሳቀች። አልፈርድባትም። ሃያ ዓመት ሙሉ በጋዜጣና በመጽሔት ፍርሃትን ስሰድብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው ሁሉ "ተጠንቀቁ" ሲል እኔ "ለምን?" እላለሁ፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ እኔ በጽሑፍ አደባባይ እወጣለሁ። በጽሑፍ መውጣት ጫማ አይጨርስም።

"አንተ ወረቀት ላይ ጀግና ነህ" አለች። "ፈሪ ሕዝብ ጨዋታ አያውቅም ብለህ የጻፍከውስ?"

"እሱን ስጽፍ ልጅ አልነበረኝም።"

"ነበረህ እንጂ! ስምንት ዓመቴ ነበር። ጮክ ብዬ ያነበብኩልህ እኔ ነኝ።"

ከሰው ክርክር ማምለጥ ይቻላል፤ ከገዛ ጽሑፍ ግን መውጫ የለም። እሺ አልኩ።

የፍርሃቴ ምክንያት የእርሻው ዘበኛ ነበር። ማንጎ ሲበስል ጦጣ ይመጣል፤ ጦጣ ሲመጣ ዘበኛው ማማው ላይ ሆኖ ይተኩሳል። ወደ ሰማይ ነው የሚተኩሰው ይባላል፤ ጦጦቹን ግን የጠየቃቸው የለም። ሰውየው ስድሳን ካለፈ ቆይቷል፤ ምንሽሩ ደግሞ በዕድሜ ይበልጠዋል። ሥራው ቅጠል ሲንኮሻኮሽ መተኮስ ነው። እኛ ደግሞ ቅጠል የሚያንኮሻኩሹ አሥራ ሁለት ሰዎች ልንልክበት ነው።

በእኛ ከተማ መሬት ያለውን ሰው በደብዳቤ አትጠይቀውም፤ በርጫው ላይ ሄደህ ነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ ሲያዘጋ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለው ጫት ይቅማሉ። ሠርግም፣ ዕርቅም፣ የቤት ሽያጭም እዚያ ያልቃል። ችግሩን የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ምርቃናው ሲመጣ ሰው ለጋስ ይሆናል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተሰጠ ቃል ሲመሽ ይቀዘቅዛል፤ በማግስቱ ማን እንደሰጠው እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ ብልህ ሰው በርጫ ላይ ቃል የተገባለትን ነገር በማግስቱ ረፋድ ላይ ሄዶ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ይህ ያልተጻፈ ሕግ ነው። እኔ ጫት ካቆምኩ አሥር ዓመት ስለሆነኝ ሕጉን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ እል ነበር።

"አቦ! ማን መጣ!" አለ ጓደኛዬ በሩ ላይ ሲያየኝ። "ጀመዓ፣ ቦታ ልቀቁ! ቅጠል የማይነካው ፈላስፋችን መጥቷል!"

ነገሩን አስረዳሁ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ከት ብለው ሳቁ።

"መተኮስ ካማራቸው ለምን ሁርሶ አይሄዱም?" አለ አንዱ፣ ጉምሩክ አካባቢ ዕቃ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር። "የወታደር ማሠልጠኛው ሰፊ ነው፤ ያውም በነጻ፣ ከነቀለቡ!"

"ተወው ባክህ" አለ ጓደኛዬ። "ወላሂ፣ ጫካው የልጅህ ነው። ልጅህ ልጄ ናት። ከፈለገች ማንጎውን ቀለም ትቀባው።"

"ዘበኛህስ?"

"እነግረዋለሁ።"

"የቀበሌው ሚሊሻስ? ተኩስ የሰሙ ቢመስላቸውስ?"

"ኃላፊያቸው የሚስቴ ወንድም ነው" አለ ትራንዚተሩ። "አቦ፣ ይህም ጭንቀት ሆኖ! ለኔ ተወው።"

ሌላው ድንኳን አመጣለሁ አለ። አራተኛው ማንም ሳይጠይቀው በግ አመጣለሁ አለ።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ፍርሃቱ ገና ስላልለቀቀኝ ጓደኛዬ "ያዝ፣ ሁለት ቅርንጫፍ አይገድልህም" ብሎ ለምለሙን ሲዘረጋልኝ ተቀበልኩ። አሥር ዓመት ያልቃመ ሰው ሁለት ቅርንጫፍ ምን እንደሚያደርገው አልነግራችሁም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዘበኛው ወዳጄ ሆነ፤ ሚሊሻው ዘመዴ ሆነ፤ ጫካው ውስጥ ከወፍ በቀር ነፍስ ያለው ነገር ጠፋ። ደብተሬን አውጥቼ የእያንዳንዱን ሰው ቃል ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኩ። ቤት ስገባ ለልጄ "ሁሉም አልቋል" አልኳት፤ ደብተሩንም አሳየኋት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ግን ሄጄ አልጠየቅኩም። የሌላውን ሰው ምርቃና ስጠራጠር የኖርኩት ሰውዬ የራሴን አመንኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ጨዋታው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እርሻውን ልናይ ሄድን። እኔ፣ ልጄና አንድ የቢሮዋ የሒሳብ ሠራተኛ ነን። የጨዋታውን ወሰን በቀይ ጥብጣብ ልናስር፣ የሁለቱን ቡድን መነሻ ልንመርጥ፣ ጠመንጃዎቹ እስከ የት እንደሚደርሱ ልንሞክር ነው። ባጃጁ አስፋልቱን ሲጨርስ ፍርሃቴ እንደ ጠፋ ውሻ ተመልሶ መጣ። ለጓደኛዬ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። እሱ በዚያ ሰዓት ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አያነሳም።

"እንመለስ" አልኩ።

"ለምን? ደብተርህ ላይ አለ እኮ፤ ቁጥር ሁለት፣ ዘበኛው ይነገረዋል።"

"መነገሩን አላረጋገጥኩም።"

"አባዬ፣ በናትህ! በሰው ፊት አታሳፍረኝ።"

የሒሳብ ሠራተኛው በጨዋ ደንብ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

የእርሻው በር በቁልቋሉ አጥር መካከል የተወጠረ ገመድ ነው። "ቤቶች!" ብለን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጣራን። መልስ የለም። ማማው ባዶ ነው። ልጄ ገመዱን ዝቅ አድርጋ ገባች፤ ተከተልናት።

ውስጡ ቀዝቃዛና ጨለምለም ያለ ነበር፤ የወደቀ ማንጎ ሽታ አለው። እኔ ጥብጣቡን ከዛፍ ዛፍ ማሰር ጀመርኩ። ሁለቱ ጭንብላቸውን አጥልቀው ራቅ ራቅ ብለው ቆሙ። መጀመሪያ የተኮሰችው እሷ ናት። ድምፁ ትራስ በዱላ ሲመታ እንደሚሰማው ነው። ቢጫ ቀለም በማንጎው ግንድ ላይ ወረደ። ጦጦቹ እየጮኹ ሸሹ። የሒሳብ ሠራተኛውም መለሰላት፤ ሳታት። ለአንዲት ደቂቃ ያህል እኔም ሳቅኩ፤ ይህን መካድ አልችልም።

ከዚያ በግራ በኩል፣ ከአንድ ኩይሳ ጀርባ፣ ብረት ከብረት ሲገናኝ ሰማሁ። ወታደር ሆኜ አላውቅም። የኖርኩበት ዘመን ግን ያንን ድምፅ አስተምሮኛል። ምንሽር ሲቀባበል ነው።

"ቁሙ!" አለ አንድ ሰው በኦሮምኛ። ወዲያው በአማርኛ ደገመው። "እጅ ወደ ላይ! መሣሪያ ጣሉ!"

እጄን ከነጥብጣቡ አነሳሁ። የሒሳብ ሠራተኛው ጠመንጃውን ጥሎ በደረቱ ተኛ። ልጄ ግን ከኔ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ ጭንብሉ ጆሮዋን ሸፍኖታል። ትዕዛዙን ሰማች እንጂ ያዘዘው ማን እንደሆነ አላወቀችም። የሥራ ባልደረባዋ መስሏታል።

"እጅ አልሰጥም!" ብላ ጮኸች እየሳቀች። "ወንድ ከሆንክ ና ውሰደኝ!"

የምንሽሩ አፈሙዝ ከኔ ላይ ተነስቶ ወደ እሷ ዞረ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰዓት ይረዝማል ብለው የጻፉ ብዙዎች ናቸው። የጻፉት ቤታቸው ተቀምጠው ነው። ሰዓት አይረዝምም፤ ይጠፋል። ቃልም ይጠፋል። ቃል ጽፌ እንጀራ ስበላ ኖሬ በዚያች ሰዓት አንድ አላገኘሁም። እግሬ ግን ሄደ። ጀግንነት አልነበረም፤ እንዲያውም የምሸሽ መስሎኝ ነበር። ራሴን ያገኘሁት ግን በምንሽሩና በልጄ መካከል ነው። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ "ልጄ ናት! ልጄ ናት!" እላለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም።

ሽማግሌው ዘበኛ ከኩይሳው ጀርባ ብድግ አለ። ሽርጥ አገልድሟል፤ ባዶ እግሩን ነው፤ እስከ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነክቶታል። ጣቱ ቃታው ላይ ነው። ጣቱ ይንቀጠቀጣል። ከዚያን ቀን ያልለቀቀኝ ይህ ነው፤ ቃታ ላይ የሚንቀጠቀጥ ጣት።

ልጄ ድምፄን ሰምታ ዞረች። ጠመንጃው ከእጇ ወደቀ። ጭንብሉን ስታወልቅ ሽማግሌው ፊቷን አየና አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰ። ከዚያ እዚያው ቁጭ አለ።

"ልገድላት ነበር" አለ። "በአላህ፣ ልገድላት ነበር! ማን ናችሁ?"

"ባለቤቱ አልነገረህም?" አልኩት።

"ምን ብሎ?"

"ለጨዋታ እንደምንመጣ።"

"ለጨዋታ?" ቢጫውን ቀለም አየ፤ የወደቀውን ጥቁር ጠመንጃ አየ፤ መጨረሻ ላይ ሽበቴን አየ። "አንተ ሰውዬ፣ ትልቅ ሰው አይደለህም እንዴ?"

በእጄ የቀረውን ጥብጣብ መጠቅለል ጀመርኩ።

ባለፈው ወር የታጠቁ ሰዎች ገብተው እሱን ማንጎ ላይ አስረው የውሃ ፓምፑን ነቅለው ሄደው ኖሯል። የእጁን አንጓ አሳየን፤ ገመዱ የበላው ቦታ ገና አልጠገገም። ስንጣራ ቦዩ ውስጥ ጭቃ እየጠረገ ስለነበር አልሰማንም፤ የሰማው ተኩሱን ነው። "ተመልሰው መጡ አልኩ። ዛሬስ አልታሰርም፣ እሞታለሁ አልኩ።" ከዚያ ቀስ ብሎ የባሰውን ነገረን። አብራው ቦዩ ውስጥ የነበረችውን ሚስቱን ሚሊሻ እንድትጠራ ልኳታል።

"ስንት ናቸው ብለህ ላክሃት?" አለች ልጄ።

"ብዙ ናቸው ብዬ።"

ሚሊሻዎቹ ከሩቅ እንዲያዩን ዛፍ የሌለበት ገላጣ ቦታ ላይ አስቀመጠን። እጃችንን ጉልበታችን ላይ አደረግን፤ መጫወቻዎቹን አርቆ ሽርጡ ላይ በተጠመጠመው ፎጣ ሸፈናቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆየን። ልጄ እጄን ልትይዝ ስትል "አትንቀሳቀሺ" አልኳት። ሚሊሻዎቹ አጎንብሰው ከሁለት አቅጣጫ በቁልቋሉ መካከል ብቅ ሲሉ ሽማግሌው እጆቹን ዘርግቶ ፊታችን ቆመና በቋንቋው ጮኸ። ሊገድለን የነበረው ሰው በደረቱ ከለለን።

ኃላፊያቸው ወጣት ነበር። የጨነቀው ሰው ምን የማይለው አለ?

"የእህትህ ባል፣ ትራንዚተሩ፣ ነግሮህ ነበር" አልኩት።

"እህት የለኝም" አለ።

ከመጫወቻዎቹ አንዱን አነሳና ወደ መሬት ተኮሰ። ቢጫው ቀለም ጫማው ላይ ተረጨ። ማንም አልሳቀም። "ለዚህ ልትሞቱ ነበር?" ብሎ ዕቃውን መለሰልን።

ከልጄ ጋር ቤት ገባን። ሳሎን ከተቀመጥን በኋላ፣ "እርስዎ በማግስቱ ሄደው አልጠየቁም?" አለችኝ። በድሬዳዋ አንቱታ ብዙ አይገኝም፤ ልጅ አባቱን፣ ደንበኛ ነጋዴውን አንተ ይላል። እርስዎ የሚልህ ወይ ከመሃል አገር የመጣ ነው ወይ የተቀየመህ። ልጄ የተወለደችው እዚሁ ነው።

"ቅሜ ነበር" አልኳት።

ጭንብሉን በጨርቅ መወልወል ጀመረች።

"ይቅር" አልኩ። "ኳስ ተጫወቱ። ገመድ ጎትቱ።"

"አይቀርም።"

"ዛሬ ያየሽው አይበቃሽም?"

"ስላየሁት ነው። አሁን ከተውኩት ሁለተኛ ከቤት አልወጣም። ራሴን አውቀዋለሁ። ያንተ ልጅ ነኝ።"

አንተ ማለቷ ደስ አለኝ፤ የተናገረችው ግን አቆሰለኝ።

ያን ሳምንት ሥራ ከመግባቷ በፊት በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባጃጅ እየያዘች ወጣች። መጫወቻውን በፌስታል ይዛ በእርሻው ዙሪያ ካለው ቤት ሁሉ ደረሰች። ሽማግሌው ከፊት እየሄደ በር ያንኳኳል፤ እሷ ታስረዳለች፤ መሬት ላይ ትተኩሳለች፤ ቀለሙን በጣታቸው እንዲነኩት ታደርጋለች። ከቀበሌው ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣች። ጓደኛዬን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቀስቅሳ ፈቃዱን በእጁ አጻፈችው፤ ሚስቱ እንደነገረችኝ ከሠርጉ ማግስት ወዲህ በዚያ ሰዓት ተነስቶ አያውቅም። ለተጫዋቾቹም ሁሉ ከሩቅ የሚታይ ብርቱካናማ ሰደርያ ከፋብሪካው ተዋሰች። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ ሰው ተደብቆ ሊተኩስ የሚችልባቸውን መስኮቶች አያለሁ።

አንድ ነገር ደብቄያታለሁ። ሐሙስ ዕለት በስተጀርባዋ ለጓደኛዬ ደውዬ "ፈቃድህን አንሳ፣ ስለ ልጄ ብለህ" አልኩት። የደወልኩት በበርጫ ሰዓት፣ ዘጠኝ ላይ ነው። "አቦ፣ ላንተ ያልሆነ!" አለኝ። "ወላሂ፣ ነገ አነሳለሁ።" ስልኩን ስዘጋ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ።

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለቱ ልጆች ብርቱካናማ ለብሰው ገመዱ አጠገብ ተሰበሰቡ። ሽማግሌው ማማውን አልለቅም ስላለ እኔም መሰላሉን ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምንሽሩን ከፍቶ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጣቸው። አምስት ናቸው።

"አንተ ያዛቸው" አለ። "እጄን አላምነውም።"

የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው፤ ሸሚዜ ወደ ታች ተጎተተ። ልጄ ወደ ማማው ቀና ብላ አየችን፤ እጇን አላወዛወዘችም። ፊሽካ ነፋች። ሁሉም ማንጎው ውስጥ ገቡ፤ ብርቱካናማው ቀለም ለጥቂት ጊዜ በቅጠሎቹ መካከል ታየና ጠፋ።

ከዚያ ጫካው በሙሉ መንኮሻኮሽ ጀመረ። በግራ ሲንኮሻኮሽ የሽማግሌው አፈሙዝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ በቀኝ ሲሆን ወደ ቀኝ።

"ልማድ ነው" አለኝ ሳያየኝ።

"ባዶ ነው አይደል?"

"አምስቱም አንተ ጋ ናቸው።"

"ስድስተኛ አይጎርስም?"

መቀርቀሪያውን ስቦ አሳየኝ። ባዶ ነው። ወዲያው ከማንጎዎቹ ሥር የሴት ጩኸት ተሰማ፤ ረጅም፣ ቀጭን። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅም።

"ያንተዋ ናት?" አለ።

"አላወቅኩም።"

ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን አዳመጥን። ጩኸቱ አልተደገመም። ተኩሱ ቀጠለ።

"እስቲ እንደገና ክፈተው" አልኩት።

ከፈተው። ሁለታችንም አጎንብሰን ውስጡን አየን።